ከግብር አዳራሽ እስከ ድንኳናችን፦ የጠጅ ታሪክና የእኛ ድርሻ



ሰው ለኀዘንም ሆነ ለደስታ በተሰበሰበበት ሁሉ ከእንጀራው ቀጥሎ የሚነሣው የመጠጥ ነገር ነው። በእድር ስብሰባ ላይ ከሚያከራክሩት ጉዳዮች አንዱ ይኸው መሆኑ የታወቀ ነው። ለተስካሩ ስንት ጋን ይጣል? ማን ይጣለው? ማሩስ በዚህ ኑሮ ከየት ይምጣ? እየተባለ ብዙ ይባላል። ይሁን እንጂ ስለ መጠጡ ስንከራከር ስለ ታሪኩ ብዙም አናነሣም። ጠጅን ቀድሞ ማን ይጠጣው ነበር? ማንስ አይደርሰውም ነበር? እንደ እኛ ወዳለው ተራ ሰው ቤት እንዴት ገባ? በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ስለዚሁ ነው። ታሪኩን ያወቀ ሰው የዛሬውንም ጉዳይ አጥርቶ ይመክራል የሚል እምነት ስላለኝ፣ በመጨረሻው ላይ ለእድራችን አንዳንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሁሉም ከደጁ

ጣፋጭ ነገር በውሃ ተበጥብጦ ሲቀመጥ እንደሚፈላ ያልደረሰበት ሕዝብ ጥቂት ነው። ልዩነቱ እያንዳንዱ አገር በደጁ ካገኘው ነገር መሥራቱ ነው። ወይን የሚበቅልበት አገር ከወይን ይሠራል። ወይን በደንብ በማይሆንበት ብርዳም አገር፣ ለምሳሌ በፈረንሳይ በኖርማንዲና በእንግሊዝ ምዕራባዊ ክፍል፣ ገበሬው በጓሮው ካለው የፖም ዛፍ ፍሬውን ለቅሞ፣ ፈጭቶና ጨምቆ፣ ጭማቂውን በእንጨት በርሜል አፍልቶ ይጠጣል። ፖላንዶች ደግሞ ልክ እንደ እኛ ከማር ይሠራሉ።

የእኛ ደጋ ገብስና ጤፍ፣ ማርና ጌሾ ያለበት ነው። ፖም ወደ አገራችን የገባው ዘግይቶ ነው፤ ዛሬ በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አካባቢ በየጓሮው የሚታየው የፖም ዛፍ በ20ኛው መቶ ዓመት በሚሲዮናውያን እጅ የመጣ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው የጓሮ መጠጡን ከፖም ሳይሆን ከማር ጣለ፤ ከጓሮው የቀጠፈው ጌሾውን ነው። ጠጅ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ከወይን የተሠራውን መጠጥ «የወይን ጠጅ» እንለዋለን። እንግዲህ መለኪያው ጠጅ ነው ማለት ነው። ሌላው መጠጥ በጠጅ ስም ይጠራል እንጂ ጠጅ በሌላው ስም አይጠራም።

የጥንቱ ነገር

ጠጅ በግዕዝ «ሜስ» ይባላል፤ ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን እስከ ዛሬም ሜስ ይሉታል። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበረው የግሪክ ጸሐፊ ስትራቦ፣ በቀይ ባሕር ዳር በአፍሪካ በኩል ይኖሩ ስለ ነበሩ ከብት አርቢዎች ሲጽፍ አንድ ልብ የሚባል ነገር ተናግሯል። ይኸውም ብዙው ሰው ከእሾሃማ ቁጥቋጦ የተዘጋጀ መጠጥ ሲጠጣ፣ ገዢዎቹ ግን ማርና ውሃ የተቀላቀለበትን ይጠጣሉ የሚል ነው። በግሪክኛው የተጠቀሰው ቁጥቋጦ በእጽዋት ትምህርት ከጌሾ ጋር በአንድ ወገን የሚመደብ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመንም ቢሆን ቁጥቋጦው ለሕዝቡ፣ ማሩ ለገዢው ነበር።

ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በአፄ ልብነ ድንግል ጊዜ፣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን ቆይቷል። ያየውንም በመጽሐፍ ጽፎ ትቷል። ስለ ማር ጠጅ ደጋግሞ ያነሣል። ስለ ወይን ጠጅም ሲጽፍ፣ በግልጽ የሚሠራው በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ መሆኑን፣ በሌላ ሰው ቤት ቢሠራ ግን በስውር መሆኑን ይናገራል። አብያተ ክርስቲያናት ለቅዳሴ የሚሠሩት ከዘቢብ ነው ይላል፤ ይህ የዘቢብ ሥርዓት እስከ ዛሬም ያለ ነው። ከዚህ የምንረዳው መጠጥ መሥራት የችሎታ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ነው። ማን በይፋ ይሠራል፣ ማን ይደበቃል የሚለውም ነገር ነበረበት።

ማሩ የገበሬ፣ ጠጁ የጌታ

በቀድሞው ሥርዓት ማር ከግብር ዓይነቶች አንዱ ነበር። ገበሬው ንቡን አርብቶ፣ ቀፎውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ በሌሊት ወጥቶ በጭስ ቆርጦ ያወረደውን ማር በጉንዶ እየሰፈረ ለመልከኛው፣ መልከኛውም ለበላዩ፣ የበላዩም ለቤተ መንግሥት ያገባል። ንቡን ያረባው ሰው ራሱ ጠላውን ጠጥቶ ይተኛል። ማሩ ጠጅ ሆኖ ወደ እሱ የሚመለሰው ጌታው ግብር ያገባ ዕለት፣ እሱም በተራው ከተጠራ ነው።

ግብር የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም መያዙ ያለ ነገር አይደለም። ገበሬው የሚከፍለውም ግብር ነው፤ ጌታው የሚያበላውም ግብር ነው። ከአንዱ ጎተራ የወጣው በሌላው አዳራሽ ይመለሳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት በተሠራው የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይስተናገድ ነበር። አገባቡ በማዕረግ ነው፤ መኳንንቱ ቀድመው፣ ወታደሩ በኋላ እየተፈራረቀ ይገባል። መጠጫውም እንደዚሁ ነበር፤ ለትልቁ ሰው ብርሌ፣ ለወታደሩ የቀንድ ዋንጫ። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ከብርሌው በመዳፉ ላይ አንጠብጥቦ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። እቴጌ ጣይቱ ገና ዘውድ ሳይጭኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያሰናዱት ግብር ስሙ የተጠራ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም በምኒልክ ታሪክ ውስጥ ጽፈውታል።

መጠጥ በሰጪና በተቀባይ መካከል ገመድ መሆኑ በእኛ አገር ብቻ የነበረ አይደለም። ከላይ ባነሣሁት በምዕራብ እንግሊዝ የእርሻ ሠራተኛው ከደመወዙ ከፊሉን በፖም ጠጅ ይቀበል ነበር። ጌታው በጓሮው ፖም ሠርቶ ለሠራተኛው ጉልበት ይከፍልበታል። ይህን አከፋፈል የከለከለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በዚያው በ1887 ነው። ገንዘቡን ይቀበል፣ የሚጠጣውንም ራሱ ይምረጥ ነው ነገሩ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የጌቶቹ ስም በታሪክ መጻሕፍት ገጽ ሁሉ ሲወሳ፣ ጋኑን ያጠቡትና ያጠኑት፣ ማሩን የበጠበጡት ሴቶች ስም እምብዛም አይነሣም። ከእነርሱም መካከል ደመወዝ የማያውቁ አገልጋዮችና ባሪያዎች ነበሩ። ሙያው ግን የነበረው በእነርሱ እጅ ነው። ጌታ ሲሻርና ሲሾም፣ ቤተ መንግሥትም ከቦታ ቦታ ሲዛወር ያልጠፋው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከባልትና ወደ ባልትና በመተላለፉ ነው።

የአጣጣሉ ነገር

ብዙዎቻችሁ እናቶች ከእኔ ይበልጥ የምታውቁት ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ መስፈሩ ለልጆቻችን ይጠቅማልና ባጭሩ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ጥሩ አድርጎ ይታጠባል፤ ቀጥሎ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ጋኑንም ያጸዳዋል። ከዚያ አንድ እጅ ማር ከሦስት እጅ ያህል ውሃ ጋር ተበጥብጦ ይጨመርና አፉ ተሸፍኖ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱ ተገፎ ይጣላል። ከብርዙም ጥቂት ተቀድቶ ከጌሾ እንጨት ጋር ይቀቀላል፤ ሲበርድ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ለጠላ ቅጠሉም ይሆናል፤ ለጠጅ ግን የሚመረጠው እንጨቱ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየተማሰለ ይፈላል። በቆላ ከአምስት ቀን ጀምሮ ይደርሳል፤ በደጋ ግን እስከ ሃያ ቀን ሊቆይ ይችላል። መራራነቱ ሲበቃ ጌሾው ይወጣል፤ ሲጠል በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ሆነ? ምክንያቱን የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች አብራርቶታል። መጠጥን የሚያፈላው በዓይን የማይታይ፣ ሕይወት ያለው እርሾ ነው። እርሾው ጣፋጩን እየበላ አልኮልና አየር ያወጣል፤ ጋኑ ውስጥ የሚንተከተከው ያ አየር ነው። የፖም ጭማቂ ራሱ በራሱ የሚፈላው እርሾው በፍሬው ላይና በመጨመቂያው ዕቃ ላይ ስላለ ነው። የእኛም እንደዚሁ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው ይመጣል። ደንበኛ ማር ግን ብቻውን ሲሆን ውሃው ጥቂት በመሆኑ አይፈላም፤ የሚነሣው ውሃ ሲያገኝ ነው። ጌሾው ደግሞ ምሬቱን ይሰጣል፤ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፤ በቢራ ፋብሪካ ሆፕስ የተባለው ተክል የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው። ሴቶቻችን ፓስተርን ሳያነቡ ጋን ማጠንን፣ ሰፈፍ መግፈፍን፣ የጌሾን ልክ ማወቅን ደርሰውበት ነበር። ይህን ልብ ማለት ይገባል።

በዚህ አጋጣሚ ብርዝን ሳላነሣ አላልፍም። ጌሾ ሳይገባበት፣ ሳይፈላ፣ በዕለቱ የሚጠጣው ብርዝ አያሰክርም። በእድሮች ውስጥ በሃይማኖትም ሆነ በጤና ምክንያት ጠጅ የማይቀምሱ ብዙ አባላት አሉ። ለእነርሱ ከአንዱ ማር ብርዝ መበጥበጥ የጥንት ልማድ ነው። አንዱ ማር ሁለቱንም ያስተናግዳል።

ስኳር ሲመጣ

በ20ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ተለወጠ። አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ሲያድጉ ጠጅ ከጌታ አዳራሽ ወጥቶ ወደ መንደር ጠጅ ቤት ወረደ። ገንዘብ ያለው ሰው፣ ወዝ አደሩም፣ ገበያ የመጣውም ገበሬ ብርሌ ጨብጦ ተቀመጠ። ማዕረግ የሚጠይቀው የለም። ጠጅ ቤት ከፍተው፣ በዚያው ገቢ ልጆች ያሳደጉና ቤት የሠሩ ሴቶች በየሰፈሩ ነበሩ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ስትራቦ የጻፈው፣ አልቫሬዝም ያየው ዓይነት ልዩነት የፈረሰው በአዋጅ ሳይሆን በእነዚህ ሴቶች ጋን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግን ሌላም ነገር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ጠርሙሱን ለከተማው አስለመደ። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ በሆላንድ ኩባንያ የተሠራው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ስኳርም በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ ሆነ። ጠጅ ጣይዋ ማር ሲወደድባት ከማሩ ቀንሳ ስኳር ጨመረች። ኋላም ማሩ ለስም ያህል ብቻ የገባበት፣ አንዳንዴም ጭራሹን ያልገባበት፣ ቢጫው ቀለም ከሱቅ የመጣ መጠጥ «ጠጅ» ተብሎ ይሸጥ ጀመር። ስኳርም ይፈላል፤ እርሾ ማርና ስኳር አይለይም። የሚለየው ምላስ ነው፤ በማግስቱም ራስ ምታቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ጋኑም እንደዚሁ ቀረ። ሸክላ ይሰበራል፣ ይከብዳል፤ የላስቲክ በርሜል ይቀላል፣ አይሰበርም። በርሜል ግን በወይራ አይታጠንም። ጌሾውም ከጓሮ ጠፋ። ግቢው ተሸንሽኖ ቤት ተሠራበት፤ ዱሮ አጥር ሥር ይበቅል የነበረው ጌሾ ዛሬ ከገበያ በክምር ይገዛል። ወጣቶቻችን የጌሾን እንጨት ከቅጠሉ፣ ከደጋ የመጣውንም ከቆላው አይለዩም፤ አይፈረድባቸውም፣ አላሳየናቸውም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የወረስነው ምንድን ነው?

እንግዲህ ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። እንደ እኔ አስተያየት ከግብር አዳራሹ የወረስነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሙያው ነው፤ ሁለተኛው ይታይልኝ ነው። በአዳራሹ የሰው ብዛትና የጋን ብዛት የጌታውን ኃይል ያሳይ ነበር። ጌታው ያን ሁሉ የሚያወጣው የገበሬውን ማር ስለሚያገኝ ነው፤ ከኪሱ አይደለም። እኛ ግን ማር የሚያገባልን ገበሬ የለንም። በድንኳናችን ውስጥ ያንኑ የአዳራሽ ብዛት እናሳይ ስንል የሚከፍለው ባለኀዘኑ ራሱ ነው። ሟቹን ቀብሮ ራሱ በዕዳ የሚቀበር ቤተሰብ ስንቱ ነው? «እገሌ ለአባቱ ይህን ያህል ጣለ» እንዳይቀርበት፣ ወይም «አሳነሰ» እንዳይባል፣ ማሩ አልበቃ ሲለው በስኳር ያበዛዋል። እንዲህ ሆኖ ሙያውን ጥለን ይታይልኙን ይዘን ቀረን። መሆን የነበረበት ግን ተቃራኒው ነው።

ልብ በሉ፤ ተስካር ይቅር፣ ጠጅም ይቅር አላልኩም። ሙታንን ማሰብ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመክርበታል። የምለው ስለ መጠኑና ስለ ጥራቱ ነው። አንድ ገንቦ የማር ጠጅ ከአምስት በርሜል የስኳር ውሃ ይበልጣል። ለሟቹም ክብር ነው፤ ለጠጪውም ጤና ነው፤ ለባለኀዘኑም ኪስ ይቀለዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንዲመከርባቸው አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የመጠጡ ብዛት የሐዘንተኛው ክብር መለኪያ እንዳይሆን እድራችን በግልጽ ይናገር። «ጥቂት ይሁን፣ የማር ይሁን» ብለን ሁላችንም ከተስማማን፣ አቅም ያለውም አቅም ያጣውም እኩል ይሆናል፤ የሚያፍር አይኖርም።

ሁለተኛ፣ በመካከላችን ጠጅ አጣጣል የሚያውቁ እናቶች በሚጥሉበት ጊዜ ሁለት ሦስት ወጣቶች አብረው ይዋሉ። ሴት ብቻ ሳይሆን ወንዱም ይማር። ሙያ በወሬ አይተላለፍም፤ ጋኑ አጠገብ ቆሞ ማየት፣ መቅመስና ማማሰል ይጠይቃል። የሚጽፍ ካለም ልኩንና ቀኑን ይጻፈው።

ሦስተኛ፣ የእድር ዕቃ ቤት ባለበት ግቢ አጥር ሥር ጌሾ ይተከል። ጌሾ በደጋው አየር በደንብ የሚይዝ፣ ከዓመት ዓመት የሚቆይ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉም ለጠላ፣ እንጨቱም ለጠጅ ይሆናል፤ ባለኀዘኑ ከገበያ አይገዛም።

አራተኛ፣ በዕቃ ቤት ጥግ ተደፍተው የተቀመጡ አሮጌ ጋኖችና ብርሌዎች ካሉ ቦታ ያዙ ተብለው እንዳይጣሉ። እስቲ ይፈተሹ፤ ያልነቁት ይታጠቡና ሥራ ላይ ይዋሉ።

ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባላል። ሙያም እንደዚሁ ነው። አንድ ትውልድ ሳይማረው ካለፈ ተመልሶ አይገጠምም። ማሩን ቀድሞ ጌታ ይወስደው ነበር፤ ዛሬ የሚወስድብን የለም። ማን ይጥላል፣ ማን ይደበቃል የሚል ከልካይም የለም። ከዘመናት በኋላ ጓሯችንና ድንኳናችን የደረሰውን ነገር በገዛ እጃችን በስኳር ብንለውጠው፣ ከግብር አዳራሹ በር ላይ ቆመው ተራ ይጠብቁ ለነበሩት አባቶቻችንም፣ ጋኑን ላጠኑት እናቶቻችንም ውለታ አልመለስንም።

የሞቱትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቀሩት ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ቸር ያሰንብተን።